በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ዶላር የማን ነው?

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከቤቴ አጠገብ ካለ የሐበሻ መደብር በየሳምንቱ እንጀራ እገዛለሁ። በቅርቡ ከሒሳብ መክፈያው አጠገብ የአንድ ዶላር ኖቶች የሞሉበት ጠርሙስ ተቀመጠ፤ በካርድ ስከፍልም ልጁ ታብሌቱን ወደ እኔ አዙሮ 18፣ 20 ወይም 25 በመቶ እንድመርጥ ይጠብቃል። ባለፈው ቅዳሜ ከኋላዬ ሰዎች ተሰልፈው ስለነበር አፍሬ፣ እኔው ራሴ ከመደርደሪያ ላነሳሁት አንድ እሽግ እንጀራ 20 በመቶ ጨመርሁ። ልትጠይቀኝ የመጣችው እናቴ ይህን አይታ፣ ጉርሻ ከልብ የሚሰጥ እንጂ እየተጠየቀ የሚከፈል አይደለም ብላ ተቆጣችኝ። መስጠት ያለብኝ የት ነው? ባልሰጥ የማያስነውረኝስ የት ነው? ለክረምት አገር ቤት ስሄድስ?

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህታችን፣ እናትዎ ስለ ጉርሻ የተናገሩት እውነት ነው፤ ነገር ግን በአሜሪካ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚተዉት ገንዘብ፣ ስሙ ጉርሻ ቢሆንም፣ በአብዛኛው የአስተናጋጁ ደመወዝ ነው። ከ1966 ጀምሮ የፌዴራሉ ሕግ አሠሪው ከዝቅተኛው ደመወዝ ከፊሉን በቲፕ፣ ማለትም እንግዳው በሚተወው ገንዘብ፣ እንዲያካክስ ይፈቅድለታል። የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 7.25 ዶላር ሲሆን፣ ቲፕ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው ከኪሱ የመክፈል ግዴታ ያለበት 2.13 ዶላር ብቻ ነው፤ ይህ ቁጥር ከ1991 ወዲህ አልተለወጠም። እርስዎ በሚኖሩበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ አሠሪው ከኪሱ የሚከፍለው ይህ መነሻ በሰዓት 4 ዶላር ነው። ቲፑ ተደምሮ ሙሉው ዝቅተኛ ደመወዝ ላይ ካልደረሰ አሠሪው ልዩነቱን መሙላት አለበት፤ መብቱን አውቆ የሚጠይቅ አዲስ መጤ ግን ብዙ አይደለም።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። ወደዚህ አገር በመጣሁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአስተናጋጅነት ስሠራ፣ የቲፑ ግብር የሚቆረጠው ከዚያችው ትንሽ የሰዓት ክፍያ ላይ ስለነበር፣ የሁለት ሳምንት ቼኬ ዜሮ ተጽፎበት የመጣበት ጊዜ አለ። የቤት ኪራዬን የከፈልሁት እንግዶች ጠረጴዛ ላይ በተዉልኝ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ተቀምጠው ሲስተናገዱ ከ18 እስከ 20 በመቶ ይስጡ። አገልግሎቱ ቢያስከፋዎት እንኳ ቅሬታዎን ለኃላፊው ይንገሩ እንጂ ቲፑን አያስቀሩ፤ የዘገየው ምግብ ከወጥ ቤት የመጣ ሊሆን ይችላል፣ የሚቀጣው ግን አስተናጋጁ ይሆናል። የሐበሻ ምግብ ቤት ስለሆነም ዝምድናን ቆጥረው አይቀንሱ። የወገን ልጅ ናትና ትረዳናለች እየተባለ፣ አምስትና ስድስት ሆነን ለሦስት ሰዓት በያዝነው ጠረጴዛ ሁለት ዶላር ብቻ ተትቶ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። የወገንን ድካም አሳንሶ መቁጠር ዛሬም ያሳዝነኛል።

ጠርሙሱና ታብሌቱ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ካውንተር ላይ ዕቃ የሚሸጥ ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ሙሉውን ዝቅተኛ ደመወዝ ያገኛል፤ በእንዲህ ያለ ቦታ የሚሰጡት ገንዘብ እናትዎ እንዳሉት በእርግጥ ጉርሻ ነው፣ ባይሰጡትም ማንንም አልበደሉም። እሽግ እንጀራ ከመደርደሪያ አንሥተው ሲከፍሉ ምንም መጨመር አይጠበቅብዎትም። ሠራተኛው ቡና ካፈላልዎት፣ ወይም ለድግስ ያዘዙትን ምግብ አሽጎ እስከ መኪናዎ ከተሸከመልዎት ግን አንድ ሁለት ዶላር ማስቀመጥ መልካም ነው። ታብሌቱ ላይ የሚታዩት ቁጥሮች በመደብሩ ምርጫ የተሞሉ ናቸው፤ ከሥራው ክብደት ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ያለ ቲፕ ለመክፈል የሚነካው ቁልፍ ከታች በትንሽ ፊደል ቢጻፍም ሕጋዊና የተለመደ ምርጫ ስለሆነ፣ በተሰለፉት ሰዎች ፊት ያለ ሐፍረት ይንኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ይበጃል። በፌዴራሉ ሕግ ቲፕ ተቀባይ ሠራተኛ የሚባለው ዘወትር በወር ከ30 ዶላር በላይ ቲፕ የሚያገኝ ሰው ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ እየሞላ ሲሄድ፣ አሠሪው የካውንተር ሠራተኛውንም በዝቅተኛው መነሻ ለመክፈል በር ሊከፈትለት ይችላል። ዘወትር የሚሄዱበት ቤት ከሆነ ሰው በሌለበት ሰዓት ልጁን በቀስታ ቢጠይቁት ይነግርዎታል፤ እንደዚያ ከሆነ እንደ አስተናጋጅ ቆጥረው ይስጡት።

አገር ቤት ሲሄዱ የአሜሪካውን መቶኛ ይዘው አይሂዱ። በትልልቅ ሆቴሎች ሒሳብ ላይ የአገልግሎት ክፍያ አስቀድሞ ስለሚደመር ደረሰኙን ያንብቡ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ እንደ ደመወዝ አይቆጠርም፤ እዚህ አሜሪካ ቲፑ ከደመወዙ ላይ ሲካካስ፣ እዚያ ግን ሕጉ ሁለቱን ለይቷቸዋል። የካፌ አስተናጋጅ ደመወዝ ትንሽ መሆኑ የታወቀ ነውና አቅምዎ የፈቀደውን በእጁ ይስጡት። በመንግሥት መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ የሻይ ተብሎ የሚጠየቀው ግን ጉቦ ስለሆነ ከዚህ ጋር አይቀላቀልም።

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድርያ ከተማ በአንድ ቡና ቤት እሠራለሁ። ማታ ጠርሙሱን የሚቆጥረው ማናጀራችን ነው፤ ለራሱ ከአንድ ሠራተኛ ድርሻ እኩል ያነሣል፣ ብርጭቆ የተሰበረ ዕለት ደግሞ ዋጋውን ከዚያው ይቀንሳል። ሕጉ ይፈቅድለታል?

መልስ፦ አይፈቅድለትም። በ2018 የወጣው የፌዴራል ሕግ አሠሪው በማንኛውም ምክንያት የሠራተኞችን ቲፕ እንዳይወስድ፣ ማናጀርና ተቆጣጣሪም ከጋራው ጠርሙስ ድርሻ እንዳይኖራቸው በግልጽ ይከለክላል። ደመወዛችሁ ሙሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ቢሆንም ክልከላው ያው ነው። ማናጀሩ መያዝ የሚችለው እርሱ ብቻውን ላስተናገደው ደንበኛ በቀጥታ የተሰጠውን ቲፕ ነው። የተሰበረ ብርጭቆም የቤቱ ኪሳራ ስለሆነ ከቲፓችሁ ሊቀነስ አይገባም።

ከዛሬ ማታ ጀምሮ ጠርሙሱ ሲቆጠር የተገኘውን ገንዘብ፣ ቀኑን፣ በሥራ ላይ የነበሩትን ሰዎችና ማናጀሩ ያነሣውን መጠን በደብተር ይመዝግቡ፤ ከተቻለ የሥራ ባልደረባዎም ለብቻው ይመዝግብ። ከዚያም ማስረጃውን ይዘው ለአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር የደመወዝና የሥራ ሰዓት ክፍል ያመልክቱ። አቤቱታ ለማቅረብ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም፣ አስተርጓሚም ያቀርባሉ፤ በማመልከትዎ ምክንያት ከሥራ ማባረርም ራሱን የቻለ የሕግ ጥሰት ነው።