ደጅ መጥናትን ተማሩ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ከብባችሁኝ «ሲስተር፣ ለሰፈሩ አንድ ነገር መሥራት እንፈልጋለን፤ ምን ይመክሩናል?» ብላችሁኝ ነበር። ዕቅዳችሁንም አሳያችሁኝ። ባነር አለ፣ ቲሸርት አለ፣ ድምፅ ማጉያ አለ። ቅንነታችሁ ልቤን ነክቶታል። ያን ዕለት ብዙ አልተናገርኩም። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ዝም ማለቴ ልክ አልመሰለኝም።

ከብዙ ዓመት በፊት እኛም ባነር አሠርተን ነበር። አጥቢያችን ያኔ ስልሳ ሰው አይሞላም። እኔ ነርስ ነኝና የደም ግፊት ምርመራ እንስጥ አልኩ። ሁሉም ተስማማ። ቅዳሜ መዘምራን ይለማመዳሉ፣ እሁድ አምልኮ ነው፤ ለእኛ የተመቸን ሐሙስ ሆነ። ሐሙስ የጅማ ገበያ መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቃል። እኛም እናውቃለን። ግን የራሳችንን ፕሮግራም እንጂ የሰፈሩን ሰው ውሎ አላየንም። እናቶች በጠዋት ወደ ሄርማታ ገበያ ወጡ። ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። አሥራ አንድ ሰው መረመርን፤ ሰባቱ የራሳችን ምዕመናን ነበሩ።

በጣም አዘንኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያዘንኩት ለሰፈሩ አልነበረም። የደከምኩበት ስላልታየልኝ ነበር።

በሳምንቱ አንዲት የሰፈራችን እናት ቡና ጠሩኝ። ሙስሊም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ እዚያው የኖሩ። የሆነውን ነገርኳቸው። ሁለተኛውን እየቀዱ «ልጄ፣ እኛ ከታመምን ሆስፒታሉ ቅርባችን ነው። እነዚያ ከሩቅ መጥተው በረንዳ ላይ የሚያድሩትን አስታማሚዎች ግን ማን አያቸው?» አሉኝ።

አስታማሚዎቹን በየቀኑ ነበር የማልፋቸው። ከዳውሮ፣ ከከፋ፣ ከኢሉባቦር በሽተኛ ይዘው የመጡ ሰዎች። ቀን ካርድ ማውጫው ጋ ይሰለፋሉ፣ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን ይዞራሉ፣ ማታ ካርቶን ያነጥፋሉ። «መተላለፊያ ልቀቁ» ብዬ የተቆጣኋቸውም አሉ። ነርስ ሆኜ፣ ጸሎተኛ ሆኜ፣ አላየኋቸውም። ያን ቀን ቡናው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ነው ደጅ መጥናትን የተማርነው። አንድ ወር ሙሉ ምንም አልጀመርንም። ረቡዕ ማታ እንጸልያለን፤ ሌላ ቀን ሁለት ሁለት ሆነን በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን እንሰማለን። ጸሎት ሥራን የሚያዘገይ የሚመስላችሁ ካላችሁ የመጽሐፍ ቅዱሱን ነህምያን አስቡት። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን የሰማው በካሴሉ ወር ነው፤ ሄዶ እንዲሠራው የፋርስን ንጉሥ የለመነው በኒሳን። አራት ወር ያህል ደጅ ጠንቷል። ግን ንጉሡ ሲጠይቀው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ፣ እንጨቱ ከየት እንደሚመጣ አስቦ ጨርሷል። ከተማው ደርሶም ለማንም ሳይናገር በሌሊት ዞሮ ፍራሹን አየ። ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ። በእግዚአብሔር መታመን ሳይዘጋጁ መሄድ ማለት አይደለም ልጆቼ። እንዲያውም እኔ ያየሁት፣ የሚጸልይ ሰው አይቸኩልም፤ ስለማይቸኩል ያያል።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩት ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ወደ ኅብረተሰቡ ስትላኩ መጀመሪያ ቤት ለቤት እየዞራችሁ ትጠይቃላችሁ እንጂ መፍትሔ ይዛችሁ አትገቡም። ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ሲሆን ይህ ለምን ይቀራል?

ሰምተን ስንጨርስ የጀመርነው ነገር ትንሽ ነበር። ማታ ሻይና ዳቦ። ከዳቦው ይልቅ የጠቀመው ግን ቋንቋ ነው። ከመዘምራኑ አንዷ ዳውሮኛ ትችላለች። ሐኪሙ ያለውን የምታስረዳቸው፣ ላቦራቶሪውን የምታሳያቸው እሷ ነበረች። ስብሰባ ላይ አፏን ከፍታ የማታውቅ ልጅ ናት።

አንድ ማታ ለዳቦ የሚሆን ሳንቲም አልነበረንም። ጸለይን። ምንም አልመጣም። ሻይ ብቻ ይዘን ሄድን፤ እግሬ እያፈረ። አንድ አባት ሁኔታውን አይተው ከቋጠሩት በሶ አውጥተው በጠበጡና «እናንተም ብሉ እንጂ» አሉን። ከእነሱ ጋር ተቀምጠን በላን። ከዚያ ማታ በፊት ሰጪ እንደሆንኩ ነበር የማስበው።

ሁለት ነገር አደራ። በረንዳ ላይ የተኛን ሰው ፎቶ አታንሱ። ለፌስቡክም ለቴሌግራምም፣ ለሪፖርትም ቢሆን። ደግሞ ዳቦ ሰጥታችሁ በምትኩ ስብከት እንዲሰሟችሁ አታስገድዱ። ለምን እንደምትመጡ የሚጠይቃችሁ ሰው ይኖራል። ያኔ ስለ ጌታ ሳታፍሩ ንገሩት። ሳይጠየቅ የሚመጣ ስብከት ግን የራበውን ሰው ዕዳ ያስገባዋል፤ ይህ እኔን ሁልጊዜ ያመኛል።

ቡና የጠሩኝ እናት ቆይተው እሳቸውም ዳቦ እየጋገሩ ይልኩልን ጀመር። በረመዳን እንኳ አላቋረጡም።

ባነሩን ለጊዜው አቆዩት። ረቡዕ ማታ 12 ሰዓት ላይ ለጸሎት እንገናኛለን፤ ከዚያ ወደ በረንዳው አብረን እንሄዳለን። ኩባያ ያንሰናልና የቻላችሁ አንድ አንድ ይዛችሁ ኑ።