ገቢ ብቻ አትጠይቅ

እንጦጦ አካባቢ ደን ሲከለል የሰፈሩ ሰው ኑሮ መሻሻሉን በምን ልለካ ላልከው፦ ገቢ ብቻ አትጠይቅ። ገበሬ ገቢውን በብር ደምሮ አያስቀምጥም፤ ቢያውቀውም ለእንግዳ አይነግርም። ይልቅ ስንት በግ አላችሁ፣ ትናንት ስንቴ በላችሁ፣ እንጨት ለቀማ ስንት ሰዓት ይወስዳል በል። የመጨረሻዋ ጥያቄ ወሳኝ ናት። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ለስንቱ ቤት ማገዶም ገቢም ነው፤ ጫካው ሲዘጋ ቀድማ የምትጎዳው ጭራሮና ቅጠል ተሸክማ ከተማ ወርዳ የምትሸጠው ሴት ናት፣ እሷ ደግሞ ቀን ቤቷ ስለማትገኝ መጠይቅህ ውስጥ አትገባም (እኔ ራሴ አንዴ ቀን ቀን ዞሬ ባሎችን ብቻ አናግሬ ተመልሻለሁ)። እሁድ ሂድ፣ ወይ አመሻሽ ላይ።

በፊትና በኋላን ብቻ ማወዳደርም ያሳስታል። ከተማው እየሰፋ ነው፣ መሬት ይወደዳል፣ የቀን ሥራ ይመጣል፤ ይሄ ሁሉ የደኑ ውጤት ይመስልሃል። ደን ያልተከለለበት ተመሳሳይ ቀበሌ ፈልግና እዚያም በፊትና በኋላ ጠይቅ፣ ከዚያ የሁለቱን ለውጥ አስተያይ። ወሩም አንድ ይሁን። ነሐሴ ላይ ጎተራው ባዶ ነው፣ ጥር ላይ እህል ገብቷል።