አየር ስስብ ልቤ ለምን ይፈጥናል? ጥያቄና መልስ

ስለ ሜዲቴሽን፣ ስለ ቀስታ አተነፋፈስና ስለ ልብ ምት የጠየቃችሁኝን በተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሜዲቴሽን ላይ ቁጭ ብዬ ጣቴን የእጄ አንጓ ላይ አሳረፍኩ። አየር ስስብ ምቱ ይፈጥናል፣ ሳስወጣ ይዘገያል። ልቤ ታሞ ይሆን?

መልስ፦ አይዞህ፣ ከትንፋሽህ ጋር አብሮ የሚሄድ ከሆነ የጤና ነው። ልብ ለብቻው ቢተው በደቂቃ 100 ጊዜ ገደማ ይመታል። አረፍ ስንል ወደ 70 የሚያወርደው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ፍሬን በለው። አየር ስትስብ ፍሬኑ ላላ ይላል፤ ስታስወጣ መልሶ ይይዛል። ጣትህ ሥር የተሰማህ ይኸው ነው። ንቅለ ተከላ የተደረገለት ልብ ነርቮቹ ስለተቆረጡ በእረፍት ጊዜም ይፈጥናል፤ ትንፋሽንም እምብዛም አይከተልም። ይህን ሳስብ ሁሌም ይደንቀኛል።

ጥያቄ፦ በደቂቃ ስንት ጊዜ ልተንፍስ?

መልስ፦ 6 ጊዜ አካባቢ። 5 ሰከንድ ወደ ውስጥ፣ 5 ሰከንድ ወደ ውጭ። የደም ግፊታችንን የሚያስተካክለው ሥርዓት ራሱ በየ10 ሰከንዱ ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል። ትንፋሽህ ከእሱ ጋር ሲገጥም የልብ ምት ውዝዋዜው ይገዝፋል፤ ዥዋዥዌን በሰዓቱ እንደ መግፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት በላቲን የሚደገም የመቁጠሪያ ጸሎትም ሆነ የዮጋ ማንትራ (ተደጋግሞ የሚባል ቃል) ትንፋሽን ወደዚሁ 6 እንደሚያወርዱ አሳይቷል። ሰዎቹ ቆጥረው አይደለም፤ የቃላቱ ርዝመት ነው ያደረሳቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ስሞክር ያዞረኛል፣ ጣቶቼንም ይነዝረኛል።

መልስ፦ አብዝተሽ እየሳብሽ ይመስለኛል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ሲወጣ እንዲህ ያደርጋል። ቀስ ማለት እንጂ ደረት መንፋት አያስፈልግም። በአፍንጫሽ ትንሽ ትንሽ ሳቢ፤ ካልተወሽ አቁሚ።

ጥያቄ፦ አባቴ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የልብ ምት የሚዛባበት ሕመም) አለባቸው። መድኃኒቱን ትተው በሜዲቴሽን ብቻ ቢቀጥሉስ?

መልስ፦ በፍጹም! እሱ ሌላ ነገር ነው። የላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች በወጉ ስለማይኮማተሩ ደም ሊረጋና ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ያንን የሚከላከለው የታዘዘላቸው ደም ማቅጠኛ ነው፤ ትንፋሽ አይተካውም። ለመረጋጋት ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ቢተነፍሱ ደስ ይለኛል። ራስ መሳት ወይም የደረት ሕመም ከመጣ ግን በቀጥታ ወደ ሐኪም።

ጥያቄ፦ ሰዓቴ የሚያሳየኝ የልብ ምት መለዋወጥ ቁጥር ከጓደኛዬ ያንሳል።

መልስ፦ ቁጥሩ በአንድ ምትና በቀጣዩ መካከል ያለው ጊዜ ምን ያህል እንደሚለያይ ነው የሚያሳየው። ዕድሜ፣ እንቅልፍና ስፖርት ሁሉ ይቀያይሩታል። የራስህን ከራስህ ጋር ብቻ አስተያይ፤ እሱንም የሳምንታቱን እንጂ የአንድ ቀኑን አይደለም።