«ባሌ ያግዘኛል፤ ታዲያ ለምን ደከመኝ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አንዴ እንደ ሥነ ልቦና ባለሙያ፣ አንዴ እንደ እናት። እንደ እናት ሳነበው ሁለት ጊዜ ተቋርጬ ነው የጨረስኩት፤ መጀመሪያ በልጅ፣ ቀጥሎ ምድጃ ላይ በረሳሁት ሽንኩርት።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። 34 ዓመትሽ ነው፣ ባንክ ትሠሪያለሽ፣ የ6 ዓመት ወንድና የ3 ዓመት ሴት ልጅ አሉሽ። የምትኖሩት ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ መሥሪያ ቤትሽ ሜክሲኮ፤ ጠዋት 12 ሰዓት ወጥተሽ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ትገቢያለሽ። ሠራተኛሽ ከፋሲካ በኋላ ወጣች፣ ሌላ አላገኘሽም፣ ትንሿን ቀን ቀን ጎረቤት ያሉ እማማ ይይዙልሻል። የልብ ጓደኛሽ እናቷን ቀበረች፤ አንቺ የደረስሽው የቀብሩን ቀን ብቻ ነው። ለአርባው ልጅሽን አተኩሷት ቀረሽ፣ በቴሌብር 3,000 ብር ልከሽ «የኔ እናት፣ በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ» ብለሽ ጻፍሽላት። ይኸው ሦስት ወር ሆነ፤ አሁን ስልክሽን አታነሳም። ሳታገቢ ከእሷ ጋር ማታ ማታ ክራር ትማሩ ነበር፤ ክራርሽ ዛሬ ቁም ሳጥን ላይ በነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጥያቄሽም ይሄ ነው፦ «ባሌ ጥሩ ሰው ነው፣ ያግዘኛል፤ ታዲያ ለምን እንዲህ ደከመኝ? ክራር ክራር ማለቴስ ቅብጠት ነው?»

ከቃሉ ልጀምር። «ያግዘኛል» የሚለው በደብዳቤሽ ውስጥ አምስት ቦታ አለ፣ ቆጥሬዋለሁ። ሰው የሚያግዘው የሌላ ሰው ሥራ ላይ ነው። ጎረቤት ያግዛል፣ የአክስት ልጅ ታግዛለች። የገዛ ልጁን ልብስ ያጠበ አባት ማንን ነው ያገዘው?

የውሃውን ነገር ተመልከቺ። ሰፈራችሁ ውሃ በፈረቃ ነው፣ የምትመጣውም ሌሊት ነው። ባለቤትሽ እየተነሳ ጀሪካን እንደሚሞላ ጽፈሻል፣ እሰይ። ግን መምጣቷን ማን ይሰማል? አንቺ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲንጎራጎር ትሰሚና ትቀሰቅሺዋለሽ፤ እሱ ሞልቶ ተመልሶ ይተኛል። የእሱ ሥራ 20 ደቂቃ ነው። አንቺ ግን አንድ ጆሮሽ ነቅቶ ነው የሚያድረው፣ ያውም ውሃዋ ሳትመጣ በቀረችበት ሌሊት ጭምር። ጠዋት ሥራ ሲቆጠር ውሃ የቀዳው እሱ ነው። አንቺ ምን ሠራሽ? ምንም። ተኝተሽ ነበራ!

ድካምሽ እዚህ ነው ያለው። እጅሽ ላይ ብቻ ብትፈልጊው አታገኚውም። በ2019 እ.ኤ.አ. አሊሰን ዳሚንገር የምትባል የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ በአሜሪካ 35 ጥንዶችን አነጋግራ ይህንኑ ጽፋለች። የቤት ውስጥ ሐሳብን አራት ቦታ ከፈለችው፤ የሚመጣውን ቀድሞ ማየት፣ አማራጭ መፈለግ፣ መወሰን፣ ከዚያ መሆኑን መከታተል። ሲወስኑ ባልና ሚስት አብረው ናቸው። ቀድሞ ማየቱና መከታተሉ ግን በአብዛኛው ሴቷ ላይ ወድቆ አገኘችው። የእነሱ ቤት ከእኛ ቤት ይለያል፣ የሰሚትን ቧንቧም አያውቁትም። እኔ ጋ ለምክር ከሚመጡ እናቶች የምሰማው ግን ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ባለቤትሽ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ትንሿ ስትወለድ የነበረውን አስታውሺ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ለአባት? 3 ቀን። በሦስት ቀን አንድ አባት ምን ይማራል፣ ገንፎው የት እንዳለ ካልሆነ በቀር። አንቺ በ90 ቀን ውስጥ አለቃቀሷን ለየሽ፣ የክትባት ቀኗን በቃልሽ ያዝሽ፣ ዳይፐር ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ማወቅ ጀመርሽ። እሱ በአራተኛው ቀን ሥራ ገብቶ ማታ ማታ ወደ ገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ መመለስ ጀመረ፤ እንግዳ ደግሞ «ምን ላግዝ?» ነው የሚለው። ዛሬም ሱቅ ቆሞ «ምን ምን ልግዛ?» ብሎ ይደውልልሻል፤ አንቺ ደንበኛ ፊትሽ ቆሞ ብር እየቆጠርሽ ስንት ዘይት እንደቀረ ታስቢያለሽ።

ስለዚህ ከእንግዲህ የእጅ ሥራ አታካፍዪው። ሙሉውን፣ ከነሐሳቡ ስጪው። ሁለት ነገር ይበቃል ለጊዜው፤ ውሃና የልጁ ትምህርት ቤት። የውሃው ቀን፣ ማንቂያው፣ ጀሪካኑ የእሱ ነው። የትምህርት ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያለሽው አንቺ ነሽ አይደል? ውጪ፣ እሱ ይግባ። የወላጆች ስብሰባ፣ የጠፋው እርሳስ፣ «ነገ ባለቀለም ወረቀት ይዛችሁ ኑ» የሚለው የማታ 3 ሰዓት መልእክት ለእሱ ይድረሰው።

ማታ ደክሞሽ፣ ሳህን እያንኳኳሽ እንዳትነግሪው። እሁድ ቡና ላይ፣ ሆዱም ሆድሽም ሞልቶ ሲቀመጥ። «ሥራ በዛብኝ አልልህም፣ ማሰቡ ነው የገደለኝ። እነዚህ ሁለቱ ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ናቸው፣ እኔን አትጠይቀኝ» በይው። ከዚያ የሚከብደው ያንቺ ፈንታ ነው፤ ተመልሰሽ አለመፈተሽ። እኔ ራሴ የልጆቹን ቦርሳ ለባሌ ሰጥቼ ሌሊት ተደብቄ ስፈትሽ ያዘኝ፣ «እንግዲያው ራስሽ ያዢው» አለኝ። ልክ ነበር። አመስግኜው አይደለም ታዲያ፣ ሳምንት ነው ያኮረፍኩት። ያንተ ያልሽው ቀን ጀሪካኑ ባዶ ሊያድር ይችላል፣ ልጁም ያለ ባለቀለም ወረቀት ይሄድ ይሆናል። ይሂድ።

በ21 ስለምትሄጂበት የአማትሽ የማርያም ማህበር ብዙ አልልም። እናቱ ናቸው፣ ማህበሩ የእናቱ ነው፣ ተራውን እሱ ይያዝ። አማትሽ ቢቆጡ የሚቆጡት በልጃቸው ነው፤ ልጅና እናት ይታረቃሉ።

ክራሩ ቅብጠት አይደለም። አንድ ማታ አውርደሽ በትዝታ ልትቃኚው ሞክረሽ፣ ክሩ አልያዝ ብሎሽ፣ አንዱም ተበጥሶ አልቅሰሽ መልሰሽ ጠቀለልሽው ብለሻል። ስንት ሰዓት ነበር? «ልጆቹ ከተኙ በኋላ።» እሱ ሰዓት ወጥመድ ነው፤ ልጆቹ ሲተኙ አንቺም አልቀሻል። ማክሰኞና ሐሙስ ልጁ ከአባቱ ጋር የቤት ሥራ ሲሠራ፣ 20 ደቂቃ፣ እዚያው ሳሎን፣ ጫጫታው መሃል ይሁን። አዲስ ክር ግዢለት። ትንሿ መጥታ ትነካካዋለች፣ ትንካካ። ልጁ «እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁን እንደ ቀልድ ነው የጻፍሽልኝ፣ እኔ ግን አላሳቀኝም፤ እናቱ ምን እንደምትወድ ሳያውቅ ስድስት ዓመት ሞላው።

አንድ ነገር እዚህ ላስገባ። ታክሲ ውስጥ እንባ ይመጣብኛል ብለሻል። አልፎ አልፎ ከሆነ ድካም ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል ከተከፋሽ፣ ለሚያስደስትሽ ነገር ሁሉ ስሜት ካጣሽ፣ እንቅልፍና ምግብ ካስጠላሽ ግን በደብዳቤ የሚመለስ አይደለም፤ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ በአካል ሂጂ። መኖር አስጠላኝ የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ያኑ ቀን።

አሁን ወደ ጓደኛሽ። እዚህ ላይ ልቆጣሽ ነው።

«ጊዜ እንደሌለኝ ታውቃለች፣ እንዴት አይገባትም?» ብለሻል። ጊዜ እንደሌለሽማ ታውቃለች። ያስቀየማት መቅረትሽ ብቻ አይመስለኝም፤ «በሚቀጥለው ሳምንት» ነው። ሀዘን ላይ ያለ ሰው ቤቱ ተቀምጦ በር በተንኳኳ ቁጥር «እሷ ትሆን?» ይላል። አንቺ አሥራ ሁለት ሳምንት እንዲህ አስጠበቅሻት። «ልጆቹ ካደጉ እንጂ አልችልም» ብትያት ይሻላት ነበር፣ ቁርጧን ታውቃለች። ብሩም አልረዳሽም። ገንዘቡን አልናቅሁም፣ ለቅሶ ቤት ወጪ አለው። ግን እናቷ በእጃቸው ያጎረሱሽ ልጅ ነሽ፤ ከአንቺ የፈለገችው አጠገቧ ፍራሽ ላይ መቀመጥሽን ነበር፣ የመጣላት «3,000 ብር ተቀብለዋል» የሚል መልእክት ነው። እስቲ አንቺ ብትሆኚ?

ስልኩን ተይው። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን ለአባታቸው ትተሽ፣ ጥቁር ነጠላሽን ለብሰሽ፣ ቡናና ስኳር ይዘሽ ሂጂ። እንደመጣሽ አትንገሪያት፣ ቀጠሮ ከአንቺ መስማት ሰልችቷታል። ስትከፍት ስለ ትኩሳቱ፣ ስለ ሠራተኛዋ፣ ስለ መንገዱ አታውሪ። «ቀርቻለሁ፣ አጥፍቻለሁ» በያት፣ «ግን» የምትለዋን ቃል ዋጫት። ካለቀሰች አብረሽ አልቅሺ። ዝም ካለች አንቺም ዝም በይ፣ ቡናውን ተነስተሽ አፍዪው፣ ቤቱን ታውቂዋለሽ። ብትሰድብሽም ስሚያት። ሂጂልኝ ካለችሽ ሂጂ፣ በሁለተኛው ሳምንት ተመለሺ፤ ሦስት ወር ጠፍተሽ በአንድ ቅዳሜ መታረቅ ያምርሻል?

ስትወጪ የእናቷ ሙት ዓመት መቼ እንደሚውል ጠይቂያት። ዋዜማውን እሷ ቤት ሽንኩርት ስትከትፊ ታድሪያለሽ። ቀኑን ያኑ ማታ ለባለቤትሽ ንገሪው፤ በራሱ ስልክ ላይ ይመዝግበው፣ ልጆቹን በማን እንደሚያስይዝም እሱ ያስብበት።