ሹፌሩን ለኮረብታው ቅጠሩት፣ ለፒሳ ባቡር አለ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ የሚኖረው ሚላን ነው። መስከረም ላይ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ታናሽ እህቴና እናታችን ሄደን ፍሎረንስ ላይ እንገናኛለን። በድምሩ አምስት ነን። ረቡዕን ከከተማ ወጥተን ለመዋል አስበናል። አንድ ድርጅት ሚኒቫን ከነሹፌሩ ለ8 ሰዓት በ690 ዩሮ እሰጣችኋለሁ ብሎናል። ፕሮግራሙ ፒሳ፣ ሳን ጂሚኛኖ፣ ሲየና፣ ከዚያም ኪያንቲ ላይ የወይን ቅምሻ ይላል። ወንድሜ ሁሉንም በአንድ ቀን እናያለን ብሎ ጓጉቷል። እኔ ግን ለእናቴ ፈራሁ። 71 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ መኪና ላይ ቶሎ ያጥወለውላታል፣ ረቡዕ ደግሞ ትጾማለች። ለመሆኑ ገንዘቡ ያዋጣል? ሹፌሩስ ያስጎበኘናል?
ት. መ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ስጋትሽ ትክክል ነው። መኪናው ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ፕሮግራሙ ግን አይዋጥልኝም። እስቲ አብረን እናስላው።

ከፍሎረንስ ፒሳ ሰዓት ከሩብ ያህል ይወስዳል። ከፒሳ ሳን ጂሚኛኖ ሌላ ሰዓት ከሩብ። ከዚያ ሲየና ሃምሳ ደቂቃ። ከሲየና በኪያንቲ ኮረብቶች በኩል ፍሎረንስ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ያዢ። መኪና ውስጥ ብቻ አምስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሆነ ማለት ነው። የቀራችሁ ሁለት ሰዓት ከአርባ ነው። በዚያ ላይ ምሳ አለ፣ ሽንት ቤት አለ፣ የእናትሽ ጉልበት አለ። ለአራት ታሪካዊ ቦታ የሚተርፈው ከመኪና ወርዶ ፎቶ ተነስቶ መመለስ ብቻ ነው።

ብዙ ዓመት ፍሎረንስ ኖሬያለሁ። ከአገር ቤት ለሚመጣ ዘመድ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ባቡር ለሚወስድሽ ቦታ ለሹፌር አትክፈዪ። ፒሳ ከፍሎረንስ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት አካባቢ ነው፣ ባቡሩም ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። ወንድምሽ ዘመመውን ግንብ ካላየሁ ካለ በሌላ ቀን ጠዋት ሄዶ ለምሳ ይደርሳል። ሹፌር የሚያስፈልገው ባቡር የማይገባበት ኮረብታ ላይ ነው። ኪያንቲ እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ፒሳንና ሳን ጂሚኛኖን ሰርዙ። ሳን ጂሚኛኖ ሳይታይ መቅረቱ እኔንም ይከብደኛል። እነዚያ ረጃጅም የድንጋይ ግንቦች ሌላ ቦታ የሉም። ግን መንገዱ ዳገት ነው፣ መኪናም በር ላይ አውርዶ ይቀራል፣ ለእናትሽ አይሆንም። በምትኩ እንዲህ አድርጉ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ተነሱ። ለሹፌሩ ስትጽፉ በእነሱ አቆጣጠር 8:30 በሉ፣ በዚህ የተቸገረ ብዙ ሰው አውቃለሁ። ስትሄዱ ኪያንቲጃና በሚባለው አሮጌ መንገድ እንዲወስዳችሁ ንገሩት። ቁጥሩ ኤስ አር 222 ነው። ወይንና ወይራ በተተከለባቸው ኮረብቶች መካከል እየተጠማዘዘ ሲየና ይደርሳል። ጥምዝምዙን ለጠዋት ያደረግኩት ለእናትሽ ብዬ ነው። ጠዋት ሆድ ቀለል ያለ ነው፣ አየሩም ቀዝቃዛ ነው። ከሹፌሩ ጎን ፊት ወንበር ይቀመጡ፣ መስኮቱም ትንሽ ይከፈትላቸው። ይህን ስትይዙ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ አንዳንድ ሹፌር ዕቃውን ፊት ወንበር ላይ ይቆልላል። ማታ ስትመለሱ በፈጣኑ መንገድ ትመጣላችሁ። እሱ ቀጥ ያለ ነው፣ የመንገድ ክፍያም የለውም፣ ያኔ ሁላችሁም እንቅልፍ ይዟችሁ ይሄዳል።

የመጀመሪያ ማረፊያችሁ ግሬቬ ትሁን። አደባባይዋ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ዙሪያውን በረንዳ ስለሆነ ጥላ አለ። መኪናው ቅርብ ያደርሳል፣ ሜዳ ነው፣ ጉልበት አይፈትንም። ማኪያቶ ባንኮኒው ላይ ቆሞ መጠጣት ተቀምጦ ከመጠጣት ይረክሳል። ለእናትሽ ግን ወንበር ይከፈል።

ከግሬቬ ወደ ካስቴሊና ስትሄዱ በየወይን መሸጫው ጥቁር አውራ ዶሮ ታያላችሁ። የኪያንቲ ክላሲኮ ወይን ምልክት ነው። የአገሬው ሰው ስለሱ የሚያወራው ደስ ይላል። ፍሎረንስና ሲየና በድንበር ሲጣሉ ኖሩ ይባላል። በመጨረሻ ተስማሙ፦ ዶሮ ሲጮህ ከየከተማው አንድ አንድ ፈረሰኛ ይነሳ፣ የተገናኙበት ቦታ ድንበር ይሁን። ሲየናዎች ነጭ ዶሯቸውን አጥግበው አሳደሩት። ፍሎረንሶች ጥቁሩን አስራቡት። የተራበው ገና ሳይነጋ ጮኸ። የፍሎረንሱ ፈረሰኛ ቀድሞ ወጥቶ ሲየና ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተገናኙ፣ አብዛኛው ኪያንቲም ለፍሎረንስ ሆነ። ተገናኙበት የሚባለው ፎንቴሩቶሊ መንገዳችሁ ላይ ነው። ለእናትሽ እዚያው ስትደርሱ ንገሪያቸው፣ ይወዱታል።

የወይን ቅምሻውን በተመለከተ፣ ጓዳና ማሳ አስጎብኝቶ ቅምሻ የሚያቀርብ ቤት ቢያንስ ሰዓት ተኩል ይወስዳል፣ ቀጠሮም ይፈልጋል። ከሲየና ላይ የሚቀነስ ሰዓት ነው። እኔ ብሆን እተወዋለሁ። የወይራ ዘይት ከዳቦ ጋር የሚያስቀምስ ሱቅ መንገድ ላይ አይጠፋም፣ እሱ ለጾመኛም ይሆናል። የቶስካና ዳቦ ጨው የለውም፣ እንዳይገርማችሁ።

ሲየና አምስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ትደርሳላችሁ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ቀኑ የሲየና ነው።

ፒያሳ ዴል ካምፖን ሰው «ዛጎል የመሰለ አደባባይ» ብሎ ያልፈዋል። ጎንበስ ብለሽ መሬቱን እዪው። ቀይ ሸክላ ጡቦቹ በጎናቸው ቆመው ነው የተደረደሩት። ከላይኛው ጠርዝ የሚነሱ ነጭ የድንጋይ መስመሮች አደባባዩን ዘጠኝ ቦታ ከፍለውት ወደ ታች እየጠበቡ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ይገናኛሉ። ዘጠኝ የሆነው በከንቱ አይደለም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ14ኛው መጀመሪያ ከተማዋን ያስተዳድር የነበረው የዘጠኝ ሰዎች ሸንጎ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በእነዚያ ቁልቁል ክፍሎች ወርዶ ግርጌው ላይ ባለ አንድ ማፍሰሻ ይገባል። ውበቱ ራሱ የውሃ ቦይ ሆኖ ይሠራል። ሰው ሁሉ ጡቡ ላይ ይቀመጣል፣ እናትሽም ጋቢ አንጥፋችሁላቸው ትንሽ ይረፉ። ከፊታቸው ያለው ረጅም ግንብ ቶሬ ዴል ማንጃ ነው። 400 ያህል ደረጃ አለው፣ እሱን ለወንድምሽ ተዉለት። በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻና ነሐሴ ላይ፣ በእነሱ ጁላይ 2 እና ኦገስት 16፣ የፓሊዮ ፈረስ ግልቢያ የሚካሄደው በዚሁ አደባባይ ዙሪያ ነው። መስከረም ላይ ሰፈሩ ጸጥ ይላል።

ከዚያ ካቴድራሉ። መስከረም ላይ መሄዳችሁ ዕድል ነው። የእብነ በረድ ወለሉ 56 ሥዕላዊ ክፍል አለው። አብዛኛውን ዓመት ተሸፍኖ ይቆይና በበጋቸው መጨረሻ ገደማ ለጥቂት ሳምንታት ይገለጣል። ቲኬት አስቀድማችሁ በኢንተርኔት ግዙ። ስትወጡ ደግሞ ከካቴድራሉ ጎን የቆመውን ጣሪያ የሌለው ግድግዳ አትለፉት። ሲየናዎች በ1339 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን ነው) ካቴድራላቸውን በዓለም ካሉት ትልቁ ሊያደርጉት ጀምረው ነበር። በ1348 ጥቁሩ ቸነፈር መጣና ከተማዋን ጨረሳት። ግንባታው እዚያው ቆመ። ስለዚያ ዘመን ከማንኛውም ሙዚየም በላይ የሚነግረኝ ያ ግድግዳ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ትከሻ መሸፈን ግድ ነው፣ የእናትሽ ነጠላ ይበቃል፣ እህትሽም ሻርፕ አትርሳ።

አሁን የጾሙ ጉዳይ። ከተቻለ ጉዞውን ወደ ሐሙስ አዙሩት። ረቡዕ የሲየና የገበያ ቀንም ስለሆነ ማቆሚያ ይጨናነቃል። ካልተቻለ ልብ አድርጊ፦ እናትሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ የጣሊያን ምግብ ቤቶች ወጥ ቤታቸውን ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋሉ። ለእሳቸው አስይዞ መሄድ ነው የሚያዋጣው። ቀደም ብለው የሚበሉ ከሆነ ግን ሲየና ለጾመኛ ደግ ናት። ፒቺ የሚባል ወፍራም በእጅ የሚጠቀለል ፓስታ አላቸው፣ ባህላዊው ከዱቄትና ከውሃ ብቻ ነው የሚሠራው። ፒቺ አላዮኔ ካላችሁ በነጭ ሽንኩርትና በቲማቲም ይመጣል። አንዳንዱ ቤት እንቁላል ስለሚጨምር ጠይቁ፤ «ሴንሳ ኡኦቫ፣ ሴንሳ ፎርማጆ» በሉ። ያለ እንቁላል፣ ያለ አይብ ማለት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሲየና ውጡ። ሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ ሞንቴሪጆኒ አለች። ሲየናዎች በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከፍሎረንስ ለመከላከል የሠሯት ትንሽ ምሽግ ናት። ዙሪያዋን ቅጥርና 14 ግንብ ይዟታል። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ዳንቴ በግጥሙ ገሃነም ውስጥ ያያቸውን ግዙፎች የመሰለው በእነዚህ ግንቦች ነው። ከበር እስከ በር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለእናትሽ የተያዘው ምሳም በዘጠኝ ተኩል እዚች አደባባይ አግዳሚ ላይ ይከፈታል። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ብትጀምሩ አሥራ አንድ ተኩል ሳይሞላ ሆቴል ናችሁ።

ይህ ከ8 ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ስለዚህ ትርፍ ሰዓቱ በስንት እንደሚታሰብ በጽሑፍ ተቀበሉ። ነዳጅ፣ ማቆሚያና ወደ መሃል ከተማ መግቢያ ፈቃድ ዋጋው ውስጥ መካተታቸውንም እንዲሁ። 690 ዩሮ ለአምስት 138 ዩሮ ይደርሳችኋል። ለታመመ ጉልበት ከበር በር ለሚያደርስ መኪና አልበዛም። ግን ፒሳ ስለቀረ ኪሎሜትሩ ቀንሷል፣ ቅናሽ ጠይቁ፣ አትፈሩ።

መኪናው ኤን ቺ ቺ የሚባለው ፈቃድ ይኑረው። ከነሹፌር ለሚከራይ መኪና ማዘጋጃ ቤት የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ከኋላ ፊደሎቹ፣ የከተማው ስምና ቁጥሩ ያለበት ሰሌዳ አለው። ለእናንተ ዋናው ጥቅሙ ይህ ነው፦ የመሃል ከተማው ክልል በካሜራ ይጠበቃል፣ ተራ መኪና ከገባ ቅጣቱ ከወራት በኋላ ቤት ድረስ ይመጣል። ፈቃድ ያለው ሹፌር ግን አስመዝግቦ ገብቶ እናትሽን ካቴድራሉ አቅራቢያ ማውረድ ይችላል። «የት ነው የምታወርደን?» ብላችሁ አሁኑኑ ጠይቁ። መልሱ «ከቅጥሩ ውጭ» ከሆነ ሌላ ድርጅት ፈልጉ።

ሹፌሩ አስጎብኚ አይደለም። ጣሊያን ውስጥ ማስጎብኘት ራሱን የቻለ ፈቃድ ያለው ሙያ ነው። መኪና ውስጥ ያወራችኋል፣ ካቴድራል ውስጥ ገብቶ ግን አያስረዳችሁም። ሲየና ላይ ለሁለት ሰዓት ባለፈቃድ አስጎብኚ ብትቀጥሩ የማትቆጩበት ወጪ ነው። ሹፌሩን ምሳ መጋበዛችሁ አይቀርም፣ አውቃችኋለሁ። ጋብዙት፤ እምቢ ቢል ግን አትከፉ፣ ብዙዎቹ በዚያ ሰዓት መኪና ይጠብቃሉ። ጉርሻ ግዴታ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍሎረንስ ከመድረሳችሁ በፊት ለእናትሽ ይህን ንገሪያቸው። በ1441 ከኢየሩሳሌም ገዳም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ለጉባኤ እዚህ ከተማ መጥተው ነበር። ብሩኔሌስኪ የሠራው የፍሎረንስ ካቴድራል ጉልላት ከተጠናቀቀ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። የኛ ሰዎች ጉልላቱን አዲስ ሆኖ አይተውታል።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ሮም ለአራት ቀን ነን። ኦርቪየቶንና ቺቪታ ዲ ባኞሬጆን በአንድ ቀን ለማየት መኪና ከነሹፌር እንያዝ ወይስ በባቡር ይሻላል?
ዳ. ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኦርቪየቶ ብቻ ከሆነ በባቡር ሂዱ። ከጣቢያው ፊት ለፊት ገደሉን የሚያወጣ ፉኒኮላሬ የሚባል በገመድ የሚጎተት ባቡር አለ። ቺቪታ ግን ባቡር የለውም፣ ሁለቱን ለማጣመር መኪናው ይሻላል። ቺቪታ የምትገባው በእግረኛ ድልድይ ብቻ ነው፤ መጨረሻው ቀጥ ያለ ዳገት ነው፣ ትንሽ የመግቢያ ክፍያም አለ። ፀሐይ ሳይበረታ እሷን አስቀድሙ።

ኦርቪየቶ ላይ ከካቴድራሉ ሌላ የቅዱስ ፓትሪክ ጉድጓድን እዩ። ሮም በ1527 ስትዘረፍ እዚህ የተጠጉት የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌመንስ 7ኛ ከተማዋ ብትከበብ ውሃ እንዳታጣ ያስቆፈሩት ነው። 248 ደረጃ አለው። ሁለት ጠመዝማዛ መውረጃዎች አንዱ በሌላው ላይ ተጠቅልለዋል፣ ግን አይገናኙም። ድሮ በአንዱ ባዶውን የወረደ በቅሎ ውሃውን ጭኖ በሌላው ይወጣ ነበር፣ መንገድ ላይ አይጋጩም ነበር። ባለቤትህን በአንዱ መስኮት አንተ በሌላው ሆናችሁ ጉድጓዱን አሻግራችሁ መተያየት ትችላላችሁ። ታች ይቀዘቅዛል፣ ሹራብ ያዙ።