ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም፦ ስለ ሽግግሩና ስለ ውጭ እጅ የጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሳምንት አሜሪካ ከኦባማ ወደ ትራምፕ ስትሸጋገር ሩሲያ በ2016ቱ ምርጫ ጣልቃ ገብታለች በሚል ስለተነሣው ውዝግብ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቴሌግራም ሳጥኔ ሞልቷል። ስድቡን ትቼዋለሁ። ከጥያቄዎቹ ጥቂቶቹን እነሆ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከአራት ኪሎ፦ ምርጫው በኖቬምበር ካለቀ አዲሱ ሰውዬ እስከ ጃንዋሪ ምን ይጠብቃል? እስከዚያ አገሩን የሚመራው ማነው?

ጋሼ፣ የሚመራው ተሰናባቹ ነው። እስከ ጃንዋሪ 20 እኩለ ቀን ድረስ ሥልጣኑ ሙሉ በሙሉ የሱ ነው። ድሮማ ርክክቡ የሚደረገው ማርች 4 ነበር። በ1932 ሩዝቬልት ተመርጠው ገና ሳይረከቡ ባንኮች በላይ በላይ ይዘጉ ጀመር፤ ተሰናባቹ ሁቨርና ተመራጩ ግን አልተግባቡም፤ ሕዝቡም የብርዱን ወራት እንደዚያው ተንጠልጥሎ አሳለፈ። ቀኑን ወደ ጃንዋሪ ያመጣው በ1933 የጸደቀው 20ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። አሁንም ግን ከሁለት ወር በላይ ይቀራል። ለውጭ መንግሥት የሚመቸውም ይሄ ክፍተት ነው፤ ዛሬ የሚወስነውንም ነገ የሚወስነውንም በአንድ ጊዜ ማናገር ይችላል።

የኛ ከዚህ ይለያል። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። አምባሳደር ታዬ አጽቀሥላሴ ኦክቶበር 7 ቀን 2024 ተመርጠው በዚያው ቀን ቃለ መሐላ ፈጸሙ። የአስፈጻሚነቱ ሥልጣን ደግሞ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው።

ስሙን ያልጻፈ ወጣት፣ ሦስት ጊዜ የላከው፦ ሩሲያ የምርጫውን ድምፅ ቀይራለች ወይስ አልቀየረችም?

ድምፅ መቀየሩን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። የተደረገው የዴሞክራቶችን ኢሜይል ሰርቆ መበተንና በማኅበራዊ ሚዲያ በሐሰተኛ ስም መቀስቀስ ነው።

አንዲት የሕግ ተማሪ፣ ከስድስት ኪሎ፦ ሥልጣን ያልያዘ አማካሪ ከአምባሳደር ጋር በስልክ ቢያወራ ወንጀሉ ምኑ ላይ ነው?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ነገሩን በቅደም ተከተል እንየው። ዲሴምበር 29 ቀን 2016 ኦባማ ለጣልቃ ገብነቱ ቅጣት ብለው ሩሲያ ላይ ማዕቀብ ጣሉ፤ 35 የሩሲያ ዲፕሎማቶችን አባረሩ፤ ሜሪላንድና ኒው ዮርክ ያሉ ሁለት ግቢዎችንም ዘጉ። በዚያው ቀን የትራምፕ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ይሆናል የተባለው ማይክል ፍሊን ከሩሲያው አምባሳደር ሰርጌ ኪስልያክ ጋር በስልክ ተነጋገረ፤ ሩሲያ ነገሩን እንዳታባብሰው ጠየቀ። በማግስቱ ፑቲን "እኛ ማንንም አናባርርም" አሉ፤ ትራምፕም አሞገሷቸው። ጃንዋሪ 15 ምክትል ፕሬዚዳንት ሊሆኑ ቀናት የቀሯቸው ማይክ ፔንስ ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው ስለ ማዕቀቡ ወሬ እንዳልነበረ ተናገሩ። ፍሊን የነገራቸውን አምነው ነው። ፌብሩዋሪ 13 ፍሊን ሥልጣኑን ለቀቀ።

የግል ሰው ከመንግሥት ተደርቦ ከባዕድ መንግሥት ጋር እንዳይደራደር የሚከለክል የ1799 ሕግ አለ፤ የሎጋን ሕግ ይባላል። እስካሁን በዚህ ሕግ አንድም ሰው አልተፈረደበትም። ፍሊንም የተከሰሰው በዚህ አይደለም። በዲሴምበር 2017 ጥፋተኛ ነኝ ያለው ለኤፍቢአይ መርማሪዎች በመዋሸት ነው። በኋላ ቃሉን ለማንሣት ጠየቀ፤ ፍትሕ ሚኒስቴርም ክሱ ይቋረጥ አለ፤ በመጨረሻ በኖቬምበር 2020 ትራምፕ ምሕረት አደረጉለት። ደጋፊዎቹ "መጪ አማካሪ ከአምባሳደሮች ጋር መተዋወቁ የተለመደ ነው፣ ምርመራው ራሱ ነው የተበላሸው" ይላሉ። የመጀመሪያው ነጥባቸው እውነት ነው፤ መተዋወቅ የተለመደ ነው። እኔን የሚከነክነኝ መደበቁ ነው። የተነጋገረው የሚያኮራ ከሆነ ለምን ለራሱ አለቃ ዋሸ? ውሸቱን ደግሞ ሞስኮ ታውቃለች፤ የገዛ አገሩ ሕዝብ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው የአገሪቱን የደኅንነት ሚስጥር ይዞ ሲቀመጥ ገመዱ በሌላ ሰው እጅ ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ከሆነ መምህርሽን አማክሪ።

ሁለት ጓደኛሞች፣ ከስታዲየም አካባቢ፦ የሙለር ሪፖርት ትራምፕን ነጻ አውጥቷል፣ አላወጣም በሚል ተወራርደናል፤ ማን ይብላ?

ሁለታችሁም ገንዘባችሁን ውሰዱ። ጣልቃ ገብነቱን እንዲመረምር የተሾመው የልዩ ዐቃቤ ሕጉ የሮበርት ሙለር ሪፖርት የወጣው አፕሪል 18 ቀን 2019 ነው። የትራምፕ ዘመቻ ከሩሲያ መንግሥት ጋር ማሴሩን ምርመራው አላረጋገጠም። ፍትሕን ስለማደናቀፍ ደግሞ ወንጀል ፈጽመዋል ብሎም አልደመደመም፣ ነጻ ናቸውም አላለም።

አንድ አንባቢ፣ ከፒያሳ፦ አሜሪካ ስንቱን መንግሥት ስትገለብጥ ኖራ እሷ ላይ ሲደርስ ምን ያስለቅሳታል? የዘራችውን ነው ያጨደችው።

ይሄን በየማኪያቶው ጠረጴዛ እሰማዋለሁ፣ በሰማሁ ቁጥርም ያሳስበኛል። ታሪኩ እውነት ነው። በ1953 ኢራን ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሞሳዴቅን፣ በ1954 ጓቲማላ ውስጥ ፕሬዚዳንቱን አርቤንዝን በማስወገዱ ሥራ ሲአይኤ ነበረበት፤ የኢራኑን ከስድሳ ዓመት በኋላ ራሱ ድርጅቱ ባወጣው ሰነድ አምኗል። ይህን የሚክድ ካለ ከሱ ጋር አልከራከርም።

ግን "ይበላት" ስትል ማን ላይ እየፈረድክ ነው? የቴህራኑን ሴራ ያቀነባበሩት ሰዎች ሞተዋል። በ2016 የተታለለው ተራው መራጭ ነው፤ ከሥራ መልስ ስልኩን ከፍቶ የጎረቤቱ የመሰለውን ጽሑፍ ያነበበ፣ ጽሑፉ ግን ሴንት ፒተርስበርግ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ደመወዝ በሚበላ ሰው የተጻፈለት። የኢራኑ ጣልቃ ገብነት ክፉ የሆነው ውሳኔው የኢራናውያን ስለነበር ነው። በዚያው ምክንያት ይሄም ክፉ ነው። "እሷም አድርጋለች" ካልን፣ ነገ አንዱ ጉልበተኛ እኛ ላይ ሲመጣ ምን ብለን እንከራከራለን? ሁሉም ያደርገዋል ይለናል፤ እኛም አጨብጭበን ነበር።

ሌላም አለ። በኛ ከተማ "የባዕድ ተላላኪ" ማለት በጣም ቀሏል። በፖለቲካ ያልተስማማህን ሰው እንዲህ ትለዋለህ፤ ከዚያ በኋላ ሐሳቡን የሚሰማው የለም። የሚያስቆጨኝ ይሄ ነው፤ እውነተኛው ጣልቃ ገብነት ሲመጣ ቃሉ አልቆ ይጠብቀናል። አሜሪካኖቹ ጋ ያከበርኩት ወረቀቱን ነው። በጁላይ 2018 የወጣው ክስ 12 የሩሲያ ወታደራዊ ስለላ መኮንኖችን በስም፣ በክፍል ቁጥርና በአሠራር ዘርዝሮ ነው የከሰሰው። በሪፐብሊካኖች የሚመራው የሴኔት የስለላ ኮሚቴም፣ የፓርቲው ፕሬዚዳንት በነገሩ እየተቆጡ፣ የጣልቃ ገብነቱን ድምዳሜ ተቀብሏል። እንግዲህ ወንድሜ፣ አንድ ሰው የውጭ እጅ አለበት ብሎ ሲነግርህ ማን? መቼ? በማን ገንዘብ? ብለህ ጠይቀው። የምትደግፈው ሰው ቢሆን እንኳ ጠይቀው።

አንዲት እህት፣ ከካዛንቺስ፦ ወንድሜ ሜሪላንድ ነው፣ ግሪን ካርድ አለው። ለሚደግፈው ዕጩ ገንዘብ መስጠትና መምረጥ ይችላል? እኔስ በሱ በኩል ትንሽ ባዋጣ?

መስጠት ይችላል፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከራሱ ገንዘብ ማዋጣት ይፈቀድለታል። አንቺ ግን አትችዪም፤ በሱ በኩል መላክም ያው ክልክል ነው። ትንሽ ናት ብለሽ አትናቂያት። በዚያው ሽግግር ወቅት አንድ የፖለቲካ አማካሪ ለአንድ ዩክሬናዊ ባለሀብት የትራምፕን በዓለ ሲመት ትኬት በሌላ አሜሪካዊ ስም፣ በ50,000 ዶላር አስገዝቶለት ነበር፤ በ2018 ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ። በኛም አገር የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 (ይሄ 2011 እንኳ በኛ አቆጣጠር ነው) ፓርቲዎች ከውጭ ዜጋና ከውጭ ድርጅት ስጦታ እንዳይቀበሉ ይከለክላል።

በፌዴራልና በክፍለ ግዛት ምርጫ መምረጥ ግን በፍጹም! ዜጋ ሳይሆን ከመረጠ ከአገር ሊባረር ይችላል። መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ የመራጭነት ምዝገባ የሚጠይቅ ፎርም ሊቀርብለት ይችላል፤ ሳያነብ እንዳይፈርም። ዛሬ ማታ ደውዪለት። ተመዝግቦ ከሆነ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቹን ምክር፣ የቴሌግራም ምክር፣ የኔንም ምክር ይተው። ለዜግነት ከማመልከቱ በፊት፣ ሌላ ወረቀት ላይ ከመፈረሙም በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ዘንድ ይሂድ። የሚከፍለው ገንዘብ ከበዛበት በነጻ የሚያማክሩ የሕግ ድጋፍ ድርጅቶች እዚያው አሉ፤ ይጠይቅ።