ከስብሰባው በፊት ጻፉት

ውድ ወጣቶች፣

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የሰው ገንዘብ የት ይዋል በሚባልበት ስብሰባ ነው። ስለ ሒሳብ አልመክራችሁም፤ እሱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የምጽፍላችሁ ስለ እርግጠኝነት ነው።

ኦላ ስቬንሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት፣ ከጠየቃቸው አሜሪካውያን 93 በመቶዎቹ በመኪና አነዳድ ችሎታ ራሳቸውን ከተሻለው ግማሽ መድበዋል። ይህስ ያስቃል። የማያስቀው ኮሊን ካሜረርና ዳን ሎቫሎ በ1999 ያወጡት ሙከራ ነው፦ ሰዎች በእውነተኛ ገንዘብ ወደ አንድ ገበያ ለመግባት ወይም ለመቅረት ይወስናሉ። ትርፉ በችሎታ እንደሚከፋፈል ሲነገራቸው ተግተልትለው ገቡ። አብዛኞቹ፣ የገቡት ሰዎች በድምሩ እንደሚከስሩ፣ እነሱ ራሳቸው ግን እንደሚያተርፉ ገምተዋል! ሌላውም እንደነሱ በራሱ ተማምኖ መምጣቱን አላሰቡበትም።

ወገን ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ሄንሪ ታጅፌል በ1970 ባሳተመው ሙከራ የብሪስቶል ተማሪዎችን «የክሌን ሥዕል የወደዱ፣ የካንዲንስኪን የወደዱ» ብሎ ለሁለት ከፈላቸው፤ ምደባው ግን እንዲያው በዘፈቀደ ነበር። ገንዘብ ሲያከፋፍሉ፣ ወገናቸው ከሌላው በልጦ እንዲገኝ ሲሉ ለወገናቸው ሊደርስ ይችል የነበረውን ጭምር ሲቀንሱ ታዩ። በማግስቱ የሚረሳ ቡድን ይህን ካደረገ፣ ዓመታት አብሮ የሠራ ክፍል ምን ያደርግ ይሆን?

ስለዚህ ግምታችሁን ከስብሰባው በፊት፣ አለቃ ሳይናገር፣ በቁጥር ጻፉት። «ይሳካል» አይበቃም፤ ስንት በመቶ? አምስት ሰው አንድ ሪፖርት አንብቦ ቢስማማ፣ እኔ የምቆጥረው እንደ አንድ ድምፅ ነው።

ልዩነታችሁንም ተናገሩ። ሰለሞን አሽ በ1950ዎቹ መስመሮችን በዓይን በማስተያየት፣ ቡድኑ ሆን ብሎ የተሳሳተ መልስ እንዲሰጥ አስደርጎ ባካሄደው ሙከራ፣ ከብዙኃኑ የሚለይ አንድ ሰው ሲገኝ ተፈታኙ ለቡድኑ የሚሸነፍበት ጊዜ በእጅጉ ቀነሰ። ያ ሰው ራሱ ሲሳሳትም ጭምር! ልብ በሉ፤ ጀማሪ ነኝ ብላችሁ ዝም የምትሉበት ሰበብ እዚህ ላይ ይፈርሳል።

ተቃውሞ የማይወድ አለቃ ቢገጥማችሁ በጥያቄ ግቡ፦ «ዕቅዱ ከዓመት በኋላ ወድቆ ብናገኘው፣ የጣለው ምን ይሆን?» ዘዴው የሥነ ልቦና ተመራማሪው የጋሪ ክላይን ነው። ማንንም ሳይነካ፣ ሥጋቱን የደበቀውን ሁሉ ያናግራል።